ሰው በነጻ፣ ጅብ በክፍያ

ሐረር ጀጎል ውስጥ መጥፎ ፎቶ ማንሳት ይከብዳል። ስልክህን ወደ የትም ብታዞር ያምርልሃል፤ ሰማያዊና ሮዝ የተቀባው የጠባብ መንገድ ግድግዳ፣ ቅርጫቷን ደርድራ የተቀመጠች ሻጭ፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔም ሁሉንም ነገር እንደ ቅርስ እያየሁ ነበር የምዞረው፣ ሰውንም ጭምር።

ከፈረስ መጋላ የሚወርደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ አጎንብሰው ሲሰፉ ከጀርባቸው አነሳኋቸው። አልጠየቅኳቸውም። ከሰዓት በኋላ «ጊዜ የቆመበት ከተማ» ብዬ ለጠፍኩት፤ ላይክ ጎረፈልኝ።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት ሄድኩ። ለሚያበላው ሰው ዋጋ ጠይቄ ከፈልኩ። ስመለስ ነው ነገሩ የከነከነኝ፤ ለጅቡ ተነጋግሬ ከፍያለሁ፣ ሰውዬውን ግን ዝም ብዬ ወሰድኳቸው።

«አደባባይ ላይ ያለ ሰው ይታያል፣ ምን ችግር አለው?» ይባላል። ለራሴም ብዬዋለሁ። ግን ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ዳታው ክፍት ስለሆነ ብቻ መውሰድ ይቻላል ማለት እንዳልሆነ ቢሮ ውስጥ የምከራከረው ራሴ ነኝ። ሰውን ስታየው እሱም ያይሃል። ፎቶው ግን እሱ በማያውቀው ቦታ፣ አንተ ባወጣህለት ስም ይኖራል።

በማግሥቱ ሱሪ ላሳጥር ብዬ ተመለስኩ (ሱሪው ልክ ነበር)። ፎቶውን አሳየኋቸው።

«አቦ! ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል እንዴ?»

የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ሳቁ።

«የት ነው የቆመው? ሰኞ ትምህርት ይጀመራል፣ እኔ ገና አሥራ አንድ ዩኒፎርም ይቀረኛል!»

ለካ ያ ከመርፌው ሥር የነበረው ጨርቅ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። እኔ ጥንታዊ ነገር አድርጌው ነበር። እዚህ ጋ ነው ግራ የገባኝ። እስካሁን ጥፋቴ አለመጠየቄ ይመስለኝ ነበር። ብጠይቅስ፣ ብከፍልስ፣ ያንኑ ውሸት አልለጥፍም ነበር? እለጥፍ ነበር። የሰኞ ሥራ የተከመረበትን ሰው ጊዜ የቆመበት አድርጌ ለማሳየት የእሳቸው ፈቃድ ብቻ አይበቃኝም፤ ግን ምን እንደሚሰፉ ብጠይቅ ኖሮ ቢያንስ አውቅ ነበር።

«በል እንደገና አንሳኝ» አሉ። ኮፊያቸውን አስተካከሉ፣ ዩኒፎርሙን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ልክ እንደ ጉርድ ፎቶ። አያምርም። ፀሐይ ፊታቸው ላይ ስለነበር ዓይናቸው ተጨፍኗል። እሳቸው ግን ወደዱት፤ ለልጃቸው በቴሌግራም ላክሁላቸው።

የመጀመሪያውን ከገጼ ላይ አንስቼዋለሁ። ከስልኬ ግን እስካሁን አላጠፋሁትም።