ከባሕር የወጣ ሁሉ ይበላልን?

ነጠብጣቡ የባሕር ጥንቸል የቀንድ አውጣ ወገን ሲሆን፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አልጌ እየጋጠ ይኖራል። ለስላሳ ገላው ላይ ጥቁር ክብ ክብ ምልክቶች አሉት፤ በራሱ ላይ የጥንቸል ጆሮ የሚመስሉ ሁለት ቀንዶች ቆመዋል፤ ቀጭን ዛጎሉም ከሥጋው ውስጥ ተሸሽጓል። አፕሊዥያ አርገስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም በ1830 እ.ኤ.አ. የሰጡት ጀርመናውያኑ ሩፔልና ሎይካርት ናቸው። ሩፔል ጥቂት ቆይቶ በምፅዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ተጓዥ ነው።

ይህን ፍጥረት መብላት ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከባሕር ርቃ በበረሃ መካከል የምትገኘውን ሪያድን ይመለከታል። በ1971 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሳዑዲ ዓረቢያ ቋሚ የፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) ኮሚቴ መቀመጫው በዚያ ነው፤ በከተማዋ ሥር የሰደደውም የሐንበሊ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት) ነው። በቁርኣን፣ በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ፣ የባሕር አደን የተፈቀደ ነው። የሐንበሊ ተማሪዎች የሚያጠኑት ዛድ አል-ሙስተቅኒዕ የተባለው የአል-ሐጃዊ መጽሐፍም ከባሕር እንስሳት እንቁራሪትን፣ አዞንና እባብን ብቻ ለይቶ ሌላውን ሐላል ያደርጋል። የሌላው መዝሀብ ተከታዮች የሆኑት ሐነፊዎች ግን ዓሣ ካልሆነ አይበላም ይላሉ።

በሐንበሊ መዝሀብ መሠረት የባሕር ጥንቸል በወገኑ ሐላል ነው። የሚያግደው ሌላ ሕግ ነው፤ ገላን የሚጎዳ ነገር አይበላም። እንስሳው ከሚግጠው ቀይ አልጌ መርዛም ንጥረ ነገር እየወሰደ በገላው ያከማቻል፤ ሲነኩት የሚረጨው ሐምራዊ ቀለምም መነሻው ያው አልጌ ነው። ኢብን ሲና በሕክምና መጽሐፉ ከመርዞች ጋር ቆጥሮታል። እንግዲህ ክልከላው የመጣው ከተፈጥሮው ሳይሆን ከሚያደርሰው ጉዳት ነው።

የኦሪት መንገድ ሌላ ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ከሚኖሩት ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን ብቻ ይፈቅዳል፤ መርዝ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ይህን ሥርዓት ጠብቀው ኖረዋል። ይህ ግን ፍጥረቱን መናቅ አይደለም። በሥነ ፍጥረት ትምህርት የባሕር እንስሳት ሁሉ ሐሙስ ተፈጥረዋል፤ እግዚአብሔርም መልካም እንደሆኑ አይቷል። ስለዚህ ሕጉ የሚናገረው ስለ በላተኛው መታዘዝ ነው ማለት ይበልጥ ያስኬዳል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ወሬ አይደለም። በአገር ቤት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ዓሣ ግን ቢላዋና ጸሎት ስለማይጠይቅ ሁለቱን በአንድ ገበታ ማስቀመጥ ይችላል። በሪያድ አብረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ዓሣውን በጋራ ሊበሉ ይችላሉ፤ ሽሪምፕ ሲቀርብ ግን በአባቶቹ ሥርዓት የሚኖረው ኦርቶዶክሳዊ እጁን ይሰበስባል። ብላ እያሉ መጎትጎት አይገባም።

በፊጂ የነጠብጣቡ የባሕር ጥንቸል የቅርብ ዘመድ የሆነ ዝርያ ይበላል። የሁለቱ ሕግጋት ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በእንዲህ ያለው ምግብ ላይ ነው። ጉዳት እንደሌለው ከተረጋገጠ በሐንበሊ ሕግ ክልከላው ይነሣል፤ በኦሪት ሕግ ግን ክንፍና ቅርፊት እስከሌለው ድረስ አይበላም።