ሕመሙ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ተረት የሚወቅሰው ሕመሙን ከሐኪምና ከዘመድ የሚደብቀውን በሽተኛ ነው። ነገሩ ተገልብጦ ሐኪሙና ዘመዱ ሕመሙን ከራሱ ከበሽተኛው ቢሸሽጉትስ ማን ይወቀሳል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። ያነሣነውም ለክርክር ያህል ሳይሆን እኛው ራሳችን ስላለንበት ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለብዙዎቻችን ከበሮና መዝሙር ያስጠኑን አንድ አባት ነበሩ። ታመው ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ሐኪሙ ውጤቱን ለታላቅ ልጃቸው ብቻ ነገረ። በጨጓራቸው የጀመረው ነቀርሳ፣ ማለትም ካንሰር፣ ወደ ጉበታቸው ተዛምቶ ነበር። ልጃቸውም እያለቀሰ «እንዳትነግሯቸው፤ ከሰሙ ይሰበራሉ» ብሎ ለመነን፤ እኛም እሺ አልን። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካን ይዘን እየሄድን «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ የጨጓራ ነገር ነው፤ ለፋሲካ ከበሮውን የሚመቱት እርስዎ ነዎት» እንላቸው ነበር። እርሳቸውም አንድ ቀን «እንግዲያስ ስድን አገር ቤት ወርጄ ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ» አሉን። በውርስ ቤት ተጣልተው ከተለያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኛም እያወቅን «ደግ ነው ጋሼ፣ ሲሻልዎት ይሄዳሉ» አልናቸው። ፋሲካ ሳይደርስ ዐረፉ። ወንድማቸው የመጡት ለቀብር ነው።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን «በመጨረሻ ቀናቸው ተስፋ ሰጠናቸው እንጂ ምን በደልናቸው?» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «ዕርቃቸውን ወሰድንባቸው» አልን። ይህን ስንመረምር፣ ስለዚሁ ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑና ያስተማሩ ምሁራን እንዳሉ አገኘን። የትምህርቱ ስም ባዮኤቲክስ ነው፤ ይኸውም በሕይወትና በሕክምና ነገር ላይ ምን እንደሚገባና ማን መወሰን እንዳለበት የሚመረምር የሥነ ምግባር ጥናት ነው።

ከእነዚህ ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ጄይ ካትዝ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነታቸው ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ ገቡ፤ ሕክምና ተምረውም የአእምሮ ሐኪም ሆኑ። ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሩት በየል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነው። ሐኪም ሆነው ሕግ ለሚማሩ ማስተማራቸው የሚያስገርም ቢመስልም፣ ጥያቄያቸው የሁለቱም ነበረ፤ በሰው ሥጋ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን ነው? የሚል ነውና። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ ያደረጉት ጭካኔ በኑረምበርግ ለፍርድ ቀርቦ ነበር። በ1947 የተሰጠው ፍርድ ከዘረዘራቸው ዐሥር ነጥቦች የመጀመሪያው፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ካልተስማማ በቀር ሙከራ ሊደረግበት አይገባም የሚል ነው።

ብዙዎች ግን ይህ የሚመለከተው ጨካኞችን ብቻ ነው ብለው አለፉት። በ1972 በአሜሪካ የወጣው ወሬ ይህን አሳብ አፈረሰው። በአላባማ ክፍለ ሀገር በተስኪጊ አካባቢ፣ አብዛኞቹ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ 600 ያህል ድሆች ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከ1932 ጀምሮ ለ40 ዓመት ጥናት ሲደረግባቸው ኖረዋል። ከእነርሱ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። የሕመሙ ስም ግን አልተነገራቸውም፤ «ክፉ ደም አለባችሁ» ብቻ ተባሉ። ነፃ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ይሰጣቸው ነበር። ፔኒሲሊን የበሽታው ፍቱን መድኃኒት ሆኖ ከታወቀ በኋላም፣ የሕመሙን አካሄድ እስከ ሞት ድረስ ለማየት ሲባል ከለከሏቸው። ይህን ያደረጉት የመንግሥት የጤና ሠራተኞች ናቸው። ፕሮፌሰር ካትዝ ጉዳዩን እንዲመረምር በተሰየመው ጉባኤ ውስጥ ነበሩ። የጉባኤው ቃል የለዘበ ሆኖ ስላገኙት፣ ሰዎቹ ፈቃዳቸው አለመጠየቁንና መታለላቸውን በግልጥ ለይተው ጻፉ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሕይወት የተረፉትን ጥቂት አረጋውያን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1997 ነው።

አንባቢ ሆይ፤ «ያ ግፍ ነው፤ የእኛ ግን ፍቅር ነው፤ ምን አገናኘው?» ትለን ይሆናል። እውነት ነው፤ አሳቡ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እነዚያ የሸሸጉት ሰውን መሣሪያ ለማድረግ ነው፤ እኛ የሸሸግነው ከሐዘን ለማዳን ነው። ነገር ግን በአልጋው ላይ ከተኛው ሰው ቦታ ሆነን እንየው። እዚያም እዚህም ያለው ሰው የገዛ ሥጋውን ነገር ከማያውቁት መጨረሻው እርሱ ነው። በዙሪያው ያሉት ሁሉ የሚያውቁት፣ እርሱ ብቻውን የቀረ ነው። እኛም የተደናገጥነው ይህን ባየን ጊዜ ነው።

ፕሮፌሰር ካትዝ በ1984 ባሳተሙት «የሐኪሙና የበሽተኛው ጸጥተኛ ዓለም» በተባለው መጽሐፋቸው የጻፉት ስለ ክፉዎች ሳይሆን ስለ ደጋግ ሐኪሞች ነው። የጥንቱ የሂፖክራጥስ መሐላ ሐኪም እንዳይጎዳና ምስጢር እንዳያወጣ ሲያዝ፣ ከበሽተኛው ጋር ተነጋግሮ እንዲወስን ግን አንድም ቃል እንደሌለው አስገነዘቡ። ሐኪሙ «እኔ አውቅልሃለሁ» ይላል፤ በሽተኛውም አምኖ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ውስጥ ሐኪሙ የማያውቀውንና የሚጠራጠረውን ነገር እንኳ ይሸፍናል። ስለዚህ በወረቀት ላይ መፈረም ብቻውን ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃድ የሚገኘው ከንግግር ነው አሉ። በእኛም አገር ከቀዶ ሕክምና በፊት ወረቀቱ ለዘመድ ቀርቦ ዘመድ ሲፈርም፣ ባለቤቱ ምን እንደሚደረግለት ሳያውቅ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ።

ሌላው የምንሰማው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም» የሚል ነው። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛው፣ መሸሸግ የእኛ ብቻ ልማድ አልነበረም። በ1961 በቺካጎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል 219 ሐኪሞች ተጠይቀው፣ ከመቶ 90 ያህሉ ካንሰርን ለበሽተኛው አለመንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። በ1979 በሌላ የአሜሪካ ሆስፒታል ይኸው ጥያቄ ሲቀርብ ከመቶ 97ቱ መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ ልማዱ የተገለበጠው ሰዎቹ ከእኛ የተለየ ልብ ስላላቸው ሳይሆን፣ ነገሩን ደግመው ስለመረመሩት ነው።

ሁለተኛውና የሚበልጠው መልስ፣ ከባድ ነገርን የመንገር ጥበብ በገዛ ቤታችን ያለ መሆኑ ነው። አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱት እንዴት ነው? ማታ አይነግሩም፤ ማለዳ ነው። አንድ ሰው ሮጦ አይናገርም፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። መርዶ ፈጽሞ አይቀርም፤ ሰዓቱና ሰዉ ግን ይመረጥለታል። የሌላውን ሞት እንዲህ አድርገን መንገር ካወቅንበት፣ ለሰው የራሱን ሕመም መንገር እንዴት ያቅተናል?

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ነገር ዝም አላሉም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚሞትና ቤቱን እንዲያዘጋጅ በግልጥ ነገረው። ንጉሡም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ ጸለየም፤ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። ነቢዩ አዝኖለት «ይሻልሃል» ብሎት ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጸሎት መቼ ይጸልየው ነበር? እንግዲህ እውነት የተስፋ ጠላት አይደለችም። ጌታችንም ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ የኖረውን መጻጕዕን ሲያገኘው፣ ሁሉን የሚያውቅ ሆኖ ሳለ፣ መዳን ይወድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠየቀው። እርሱ ፈቃድን ከጠየቀ፣ እኛ ሳንጠይቅ የምንወስነው ከማን በልጠን ነው?

ኑዛዜ የሚለውን ቃል እናስብ። ለካህን ኃጢአትን መናገርንም፣ ለልጅና ለዘመድ የመጨረሻ ቃልን መተውንም በዚህ በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ሁለቱም የሚሞተው ሰው የሚሠራቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሌላ ሰው ሊሠራለት አይችልም። ሕመሙን የሸሸግንበት ሰው ግን ጊዜ ያለው እየመሰለው ሁለቱንም ለነገ ያሳድራል። ከጋሼ የወሰድንባቸው ይህን ነው። ዕርቁን የተዉት እልኸኛ ሆነው ሳይሆን፣ ቃላችንን አምነው ነው።

ይህን ስንል ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን ሲያገኘው እንደ ድንጋይ ይወርውርበት ማለታችን አይደለም። ያለ ፍቅር የተነገረ እውነት ራሱን የቻለ ጭካኔ ነው። ደግሞም «አልስማ፤ ለልጄ ንገሩልኝ» የሚል ሰው አለ፤ ይህም የእርሱ መብት ነው። ዋናው ነገር ይህን የመረጠው እርሱ ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መንገር ሳይሆን መጠየቅ ነው፤ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማንስ አብሮዎት ይስማ?» ብሎ። ልጅና የንስሐ አባት ባሉበት፣ ቀስ ተብሎ፣ ሐኪሙ የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ ይናገር። ጸበሉም ጸሎቱም አይቀርም፤ ሐኪም የሚናገረው እርሱ የደረሰበትን ያህል ነውና። ሰውየው ራሱን ስቶ መናገር ካልቻለ ግን ዘመድ ይወስንለታል፤ ያን ጊዜም «እኛ ምን ይሻለናል?» ሳይሆን «እርሱ ቢናገር ምን ይል ነበር?» ብሎ ይሁን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ አሁንም በበጎ አድራጎት ክፍላችን የምንጠይቃቸው አንዲት እናት ሆስፒታል ተኝተዋል። ልጆቻቸው «እንዳትነግሯቸው» ብለውናል። እኛ ከልጆቻቸው ቀድመን ለመናገር ሥልጣን የለንም፤ ማድረግም አይገባንም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ልጆቻቸውን ከክፍሉ ውጭ አስቀምጠን የጋሼን ነገር ሳንሸሽግ፣ ጥፋታችንንም ጨምረን አጫወትናቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመንናቸው፤ እናታቸውን እንዲጠይቋቸው። ታናሽየዋ ልጃቸው ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «እማዬ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ወሬ የለወጥኩት እኔ ነኝ» አለችን።

እስኪነገራቸው ድረስም እኛ በአልጋቸው አጠገብ «ለፋሲካ ይድናሉ» አንልም። እጃቸውን ይዘን የሚሉትን እንሰማለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።