ለእህቴ ልጅ፦ የኋላውን ጎማ አስቀድም

ልጄ፣ ትናንት ማታ ስትደውል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሐሳቤን ሳልጨርስልህ ቀረሁ። «ጋሼ፣ 118 ኪሎ ገብቻለሁ፤ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎኛል፤ ኮርሳ ብስክሌት ልገዛ አስቤያለሁ» አልከኝ። ኪሎህን ስትጠራ ድምፅህ ዝቅ አለ። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ሌሊቱን ባናዬን ደርቤ ይህን ጻፍኩልህ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። እዚህ ራቤል ገበያ አጋሰስ የሚገዛ ሰው ጀርባውን ይደባብሳል፣ ሰኮናውን ያነሳል፣ ጥርሱን ይገልጣል። የሚጭነው ኩንታል ገብስ ከሆነ ኩንታል ገብስ ነው ይላል፤ አያፍርበትም። ጭነቱን አሳንሶ የተናገረ ሰው ዳገቱ መሃል ላይ እንስሳውንም እህሉንም ያጣል። አንተም ሻጩ ፊት ስትቆም ኪሎህን ቀና ብለህ ተናገር። ጤናህን ፍለጋ የወጣህ ሰው ነህ፤ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለህም።

በኪሎህ ላይ ብስክሌቱንና የምትይዘውን ደምር። አንተ 118፣ ብስክሌቱ 12፣ ውሃውና ቦርሳው 5 ቢሆን 135 ኪሎ ነው። ፋብሪካዎች ብስክሌታቸው የሚችለውን ክብደት በመመሪያው ላይ ይጽፋሉ፤ ከ100 እስከ 120 ኪሎ የሚሉ ኮርሳዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ የሚቆጥረው ነጂውን ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ብስክሌቱንም ሻንጣውንም ጨምሮ ነው። ይህን ሳታጣራ ከኪስህ ብር አታውጣ።

«በቴሌቪዥን እንዳየሁት ዓይነት» ያልከውን ተው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲወዳደር እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ተራራ የሚወጡት ተወዳዳሪዎች አብዛኞቹ 60 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑ ናቸው፤ የውድድር ብስክሌት በሕጉ ከ6.8 ኪሎ ማነስ የለበትም ተብሎ እስኪከለከል ድረስ ነው የሚያቀልሉት። በዚያ ላይ ጎማ የሚቀይር መካኒክ በመኪና ይከተላቸዋል። አንተን ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚከተልህ ነፋስ ብቻ ነው። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር። ኮርሳ የሚመስል፣ ወደፊት ጎንበስ የሚያደርግ፣ አስፋልት ላይ የሚሮጥ፣ ነገር ግን አጥንቱ ወፈር ያለ ብስክሌት አለ፤ ለረጅም ጉዞና ለኮረኮንች ተብሎ የሚሠራው ማለት ነው። እሱን ፈልግ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከክብደትህ ከአሥር ስድስት እጅ የሚሆነውን የሚሸከመው የኋላው ጎማ ነው። ብስክሌት ከከባድ ሰው ሥር ሲሰበር መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ብስክሌት ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት አካሉ ለሁለት ተሰብሮ የመጣልኝ ብስክሌት ጥቂት ነው፤ የኋላ ጎማው ሽቦ ተበጥሶ ያልመጣበት ሳምንት ግን አልነበረም።

በእኔም ደርሷል። ሥራውን ገና ሳልለምድ አንድ ሰው ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ሽቦው ሳሳ ያለ ኮርሳ ሸጠልኝ። እኔ ያኔ ቀጭን ነበርኩ፤ ግን ከእህል በረንዳ 50 ኪሎ ጤፍ ከኋላዬ አስሬ ወደ ኮልፌ ስወጣ ሁለታችን አንተን አክለናል። መንገድ ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠጠር መስሎኝ ቀጠልኩ። ጥቂት ሄጄ ሌላ «ጠቅ»። ሦስተኛው ሲበጠስ ቸርኬው እንደ ሰካራም ተወላግዶ ፍሬኑን እየፋቀ ቆመ። ጤፉን ተሸክሜ፣ ብስክሌቱን እየጎተትኩ በእግሬ ገባሁ። በማግስቱ ሦስት ሽቦ ቀየርኩ፤ በሳምንቱ ሁለት ሌላ ተበጠሰ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ በሽታው ያለው በተበጠሰው ላይ ሳይሆን በቀሩት ላይ ነበር።

ያሠለጠኑኝ ሽማግሌ ናቸው የገለጡልኝ። ብስክሌቱን ገልብጠው በኮርቻው አቆሙትና እንደ ክራር ይመቱት ጀመር፤ «ስማ» አሉኝ። በጣታቸው አንዱን ሽቦ ነኩ፣ «ቲን» አለ። የሚቀጥለውን ነኩ፣ «ዱም» አለ። የላላው ሽቦ ጎማው በዞረ ቁጥር ይለቃል፣ ይወጠራል፣ ይለቃል፣ ይወጠራል። ቀጭን ሽቦን በእጅህ እያጠፍክ ስትመልሰው እንደሚቆረጠው፣ እሱም የጎማው መሃል ያለው ሞዞ ላይ በሚታጠፍበት አንገቱ በኩል ይቆረጣል። ከዚያ ድርሻውን ጎረቤቱ ይሸከማል፤ ጎረቤቱም ተራውን ጠብቆ ይሄዳል። ሽቦ የሚበጠሰው በመወጠሩ ይመስለኝ ነበር፤ የሚገድለው መላላቱ ነው።

ስለዚህ ሽቦዎቹን ቁጠር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ከዛሬ ኮርሳዎች ብዙዎቹ 20 ወይም 24 ሽቦ ይዘው ይመጣሉ። አንተ ከኋላ 36 ያለው ፈልግ፤ ካጣህ 32 ሆኖ በደንብ የተወጠረ። የድሮዎቹ እንግሊዛውያን ጭነት የሚያውቀውን ብስክሌታቸውን ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ሽቦ አድርገው ነበር የሚሠሩት፤ የሚከብደው የቱ እንደሆነ ገብቷቸው ነው። ሽቦዎቹ እርስ በርስ እየተሻገሩ የሚሄዱ ይሁኑ፤ ከመሃል እንደ ፀሐይ ጨረር ቀጥ ብለው የሚወጡትን ተው። ቸርኬው በውስጡ ድርብ ግድግዳ ያለው አሉሚኒየም ይሁን። ሱቁ ያቀረበልህ ብስክሌት ሁሉ ነገሩ ደህና ሆኖ ጎማው ብቻ ከሳሳ፣ ብስክሌቱን ግዛና የኋላውን ጎማ በእጁ የሚሠራ ባለሙያ እንደገና እንዲያስርልህ አድርግ። ለዚህ የምታወጣው ብር አይቆጭህ።

ከኋላ ያለውን አክስል ደግሞ ጠይቅ። በርካሾቹ ላይ የጥርሶቹ ቁልል ከሞዞው ውጭ በመጠምዘዝ የሚታሰር ነው፤ በዚያ በኩል ኩሽኔታው ወደ ውስጥ ስለሚርቅ አክስሉ ሳይደገፍ ይቀራል፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ይጎብጣል። ጥርሶቹ ሞዞው ላይ እንደ ቀለበት የሚሰኩበትና ኩሽኔታው ጠርዝ ድረስ የሚወጣበት ሌላ ዓይነት አለ። እሱ ነው የሚበጅህ።

የጎማው ስፋት ከ32 ሚሊሜትር አይነስ፤ 35 ወይም 38 የሚያስገባ አካል ካገኘህ እሰየው። እንደ ጣት የቀጠነ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው ከመነዳሪ በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ነፋሱን በየሳምንቱ ተመልከት። የመንዝ መንገድ ሁሉ አስፋልት እንዳልሆነም አትርሳ፤ አንድ ቀን እኛ ድረስ መምጣት ያምርህ ይሆናል።

አካሉን በተመለከተ እኔ ብረት እወዳለሁ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ሜልቦርን ላይ ሲወዳደሩ የዘመኑ ኮርሳ ከብረት ነበር የሚሠራው። ብረት ሲደክም ስንጥቁን ያሳይሃል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥም የሚበይደው ሰው አታጣም። ወፈር ያለ አሉሚኒየምም ይሆናል። ካርቦን ደካማ ነው አልልህም፣ በደንብ የተሠራው ይሸከማል፤ ግን አንድ ጊዜ ከወደቀ ቁስሉ ውስጡን ለቄስ ነው፣ እዚህ አገር የሚጠግነውን ፍለጋም ትደክማለህ። ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ከመሪው ሥር ያለውን መጋጠሚያና ፔዳሉ የሚያልፍበትን ቦታ በጨርቅ ጠርገህ በፀሐይ እየው። ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ወጥቶ ካየህ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ውጣ።

ስለ ፍሬኑ ልማጸንህ። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት በመኪና ስንቴ ወርደኸዋል፤ የጭነት መኪና ፍሬን ሲቃጠል የሚሸተውን ታውቀዋለህ። ብስክሌትም ያው ነው። ቸርኬውን በጎማ ቁራጭ የሚይዘው ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬውን አግሎ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ በክረምት ደግሞ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ከነጭራሹ አይይዝም። አንተ በ135 ኪሎ ስትወርድ የሚሰበሰበው ኃይል የቀጭኑ ጓደኛህ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ በዲስክ የሚይዝ ይሁን፣ ቢቻል በዘይት የሚሠራ። ስትወርድ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርግ፤ ጨምቀህ አትቆይ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደግሞ ያንን ቁልቁለት አትንካው።

ማርሹ ለዳገት የሚራራ ይሁን። ከፊት ያለው ትንሹ ጥርስ 34፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ደግሞ 34 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ ለጉልበትህ ከዚያ ያልከበደ ምረጥ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። የኮርቻው እግር ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል ጭረት አለ፤ ቁመትህን ብሎ ከዚያ አሳልፎ የሚሰቅልልህ ሻጭ ካገኘህ ብስክሌቱ ለቁመትህ አይሆንም ማለት ነው። ኮርቻው ደግሞ የመቀመጫ አጥንትህን የሚያህል ስፋት ይኑረው እንጂ እንደ ትራስ የሚሰምጥ አይሁን፤ የሚሰምጠው በግማሽ ሰዓት ያደነዝዝሃል።

አትቸኩል፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ብሩ ካልሞላ ሁለት ወር ጠብቅ፣ እስከዚያ በእግርህ ሂድ። የእናትህን ሥጋት አውቃለሁ፤ እኔ አነጋግራታለሁ። ከገዛህ በኋላ መጀመሪያ 150 ኪሎሜትር ያህል ነድተህ ወደ ሠሪው መልሰው፤ አዲስ ሽቦ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ይላላልና እንደገና ይወጥርልህ።

ሱቁ ውስጥ ሆነህ፣ ብር ከመክፈልህ በፊት ደውልልኝ። በማለዳ ይሁን፤ በማለዳ ኔትወርካችን ደህና ነው። ብስክሌቱን ገልብጠህ ስልኩን ከኋላው ጎማ አጠገብ ያዝና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣትህ ንካልኝ። ሁሉንም እሰማቸዋለሁ።