ነጠላውን ለብሰን ሸማኔውን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ነጠላችንን መስቀለኛ አጣፍተን በቤተ እግዚአብሔር ስንቆም የለበስነውን ማን ሠራው ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ እስከ ዘንድሮው ዐቢይ ጾም ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ዱራሜ ላይ ጠዋት ለኪዳን ሲወጣ ይበርዳል። እናቴ ደግሞ ብርድ አይስማማትም፤ ስለዚህ በገዛ እጄ የአንገት ልብስ ሠርቼ ልስጣት ብዬ ተነሣሁ። በጎረቤታችን ከጋሞ ደጋ የመጡ አንድ ሸማኔ አሉ። «ጋሼ፣ እቤት የምትቀመጥ ትንሽ መሸመኛ አሳዩኝ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ዲያቆን፣ መሸመኛውማ አራት እንጨት ነው። ሰውን የሚፈትነው ድሩ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ድር በቁመት የሚዘረጋው፣ ማግ ደግሞ በወርድ እየተመላለሰ የሚገባው ክር ነው። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ይጠቀማሉ፤ እኛም እንዲሁ አደረግን። በግቢያቸው ውስጥ ሁለት ችካል በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ተከልን፤ በመካከላቸው ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ዘንግ አቆምን። ክሩን ይዤ ከችካል ወደ ችካል መመላለስ ጀመርኩ። ዘንጎቹ ጋ ስደርስ አንዱን ክር በቀኝ ካሳለፍኩ ቀጣዩን በግራ አሳልፋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ክሮቹ መስቀለኛ ይተላለፋሉ። ያ መስቀለኛ ከጠፋ የክሩ ተራ ይጠፋል፤ ድሩም ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ይሆናል። ለአንዲት ጠባብ የአንገት ልብስ 160 ክር ዘረጋሁ። 400 ሜትር መመላለስ ማለት ነው፣ ገና አንድ ጣት ሳይሸመን! ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ክር ወደላይና ወደታች በሚያንቀሳቅሰው የክር ቀለበት ውስጥ አንድ በአንድ ማስገባት አለ። እሱ ብቻ ሁለት ማታ ፈጀብኝ።

መሸመኑ ሲጀመር ግን ደስ ይላል። መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ጨርቁ ያድጋል። ሁለት ስንዝር ያህል ከሠራሁ በኋላ በመካከሉ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ሰረዝ አየሁ። ሁለት ክሮች በአንድ ቀለበት ገብተው ኖሯል። ወስጄ አሳየኋቸው። ጣታቸውን በሰረዙ ላይ አስኬዱና «ለራስህ ከሆነ ተወው። ለሰው ከሆነ ፍታው» አሉኝ።

ፈታሁት። ሳምንቱ ምኩራብ ነበር። ያን ማታ አጎንብሼ ክር ስፈታ ነው ያለፈው ዓመት ነገር የመጣብኝ።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ነጠላ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ራሱ ሸምኖ የሚሸጠውን ሰው ስከራከር ቆይቼ 200 ብር አስቀነስኩት። መከራከር ያለ ነው፤ ሻጩም ገዢው እንደሚከራከር አውቆ ጨምሮ ይጠራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያስቀነስኩበት መንገድ ነው። «ቁጭ ብሎ ክር ማመላለስ ምን ድካም አለው?» አልኩት። ሰውየው መልስ አልሰጠኝም። ነጠላውን አጥፎ ሰጠኝ። እኔም ለጓደኞቼ እንዴት እንዳስቀነስኩ እየሳቅሁ አወራሁ። ያን ጊዜም እኮ እየጾምኩ ነበር!

ነቢዩ ኢሳይያስ (ምዕ. 58) ሠራተኞቻቸውን እያስጨነቁ የሚጾሙትን ሲወቅስ ስሰማ ባለጠጎችን የሚናገር ይመስለኝ ነበር። እኔ ምን ሠራተኛ አለኝ? ለካ የለበስኩት ሁሉ የሠራተኛ ነው።

ይህ ንቀት የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ዝም ባልኩ። ነገር ግን የሀገር በሽታ ሆኖ ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። በአዋጁ ከተዘረዘሩት ተሰዳቢዎች መካከል ብረት ሠሪውና ሸማኔው ይገኛሉ። የሚገርመው ግን ጸሐፊውና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ጸሐፊው «ጠንቋይ» ይባል ነበርና። ንጉሡ የሰው ሁሉ አባት አንድ አዳም መሆኑን አስታውሰው፣ ባለሙያን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው ብለው በእስራት አስፈራሩ። እንግዲህ እኔ ዲያቆኑ ያንን ሸማኔ ስንቀው በአንድ አዋጅ ከስድብ የተጠበቅን ወንድማማቾች ነበርን። በእኛም አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች ምን ያህል ተንቀው እንደኖሩ የምናውቅ እናውቃለን። እንስራዋን እቤታችን አስገብተን ሠሪዋን ከደጃፍ መልሰናል።

መጽሐፍ ቅዱስ እንደዚህ አያይም። ለድንኳኑ መጋረጃ የሚሸምኑትን ሰዎች ጥበብ የሞላባቸው እግዚአብሔር ነው (ዘፀ. 35)። ቅዱስ ጳውሎስ ሐዋርያ ሆኖ ድንኳን ይሰፋ ነበር። እመቤታችንም መልአኩ ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ ትፈትል እንደነበር አባቶቻችን ያስተምሩናል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ያለው ነው። የጌታችን ቀሚስ ስፌት የሌለበት፣ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነበር። እጁንና እግሩን ለመቸንከር ያልራሩት ወታደሮች እንኳ ያንን ቀሚስ ለመቅደድ ሳሱ፤ ዕጣ ተጣጣሉበት። የሰቀሉት ሰዎች ለሸማኔው ሥራ የሰጡትን ክብር እኔ በገበያ መሀል ነፈግሁት።

ታዲያ ምን ላድርግ? አንዳንዱ «ሰውየው ረስቶታል፣ አንተም እርሳው» ይለኛል። የተበደለው ቢረሳ በደሉ ይጠፋል እንዴ? ደግሞስ መርሳቱን ማን ነገረን? እኔ አንድ ቀን የተናገርኩትን እሱ በየገበያው ሲሰማ የኖረ ሊሆን ይችላል። 200 ብሩን በሙዳየ ምጽዋት ልጨምረው ብዬም አስቤ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ያንተ ምጽዋት ከሱ ኪስ ይሆናል ማለት ነው?» አሉኝ። «ሂድና ፈልገው፤ ስጠው፤ ይቅርታም ጠይቀው።» «ባጣውስ አባቴ?» «መጀመሪያ ፈልገው።»

ሁለት ጊዜ ገበያ ወጣሁ። ነጠላ ሻጮቹ በሚደረደሩበት መስመር አላገኘሁትም። መልኩን ስነግራቸው አንዱ አወቀውና «እሱ እኮ ለፋሲካ ገበያ ነው የሚመጣው» አለኝ።

የአንገት ልብሱ አልቋል። ጫፉን እናቴ ራሴ እቋጨዋለሁ ብላ ይዛዋለች። ብሩ በዳዊቴ ገጾች መካከል ተቀምጧል፤ የፋሲካ ገበያ እስኪደርስ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።