«የባሰም አለ» ለማን ነው የሚባለው?



ከላሊበላ ከተማ በላይ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣውን ዳገት ያየ ያውቀዋል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ብዙ እንግዳ የሚወጣው በበቅሎ ነው፤ በቅሎዋን የሚስበው የላስታ ሰው እንጀራም ከዚያው ነው። በ2012 ኮሮና መጣ፣ እንግዳ ቀረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች። ከዚያም ወዲህ ሰላሙ አልጸናም።

ታዲያ ይህ ሰው «ሥራ የለኝም፣ በቅሎዬን ምን ላብላት?» ሲል ምን እንለዋለን? «ስንቱ ሕይወቱን አጥቶ አንተ ስለ በቅሎ ታወራለህ?» እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ሞቷል። የሌላው ሞት ግን ለዚህ ሰው ልጆች እራት አይሆንም።

(«ኡስታዝ፣ የገዳም መንገድ ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ወሎ ውስጥ ጎረቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አይጠይቀኝም።)

ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በዱንያ ጉዳይ ከበላያችን ያለውን ሳይሆን ከበታቻችን ያለውን እንድናይ አስተምረውናል። ምክንያቱንም ነግረውናል፦ የአላህን ጸጋ እንዳናቃልል። ይህ እያንዳንዱ ለራሱ ነፍስ የሚወስደው መድኃኒት ነው። እኛ ግን የሌላውን አፍ መዝጊያ አደረግነው። ጠግበን ተቀምጠን የተራበውን ሹክር እናስከፍለዋለን።

ደግሞስ «የባሰ አለ» ካልን በኋላ ወደ ባሰው ሄደናል? አብዛኞቻችን አልሄድንም። ለባሰውም ለዚህም ሳንሆን ቤታችን ገባን።

የአቡ ዑመይርን ታሪክ አስቡ። የአነስ ታናሽ ወንድም ነው፣ ገና ሕፃን። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞተችበት። ወሕይ የሚወርድላቸው፣ የኡማው ሸክም ሁሉ ትከሻቸው ላይ ያለ ነቢይ፣ ልጁ አዝኖ ሲያዩት ወፏ ምን ሆነች ብለው ጠየቁት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በዚያ ዘመን መዲና ውስጥ የቲም ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ ሸሂድ ነበር። ለልጁ ግን ይህን አልቆጠሩበትም።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ መርከቧ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ። አላህ ባለቤቶቿን ሚስኪኖች ብሎ ነው የጠራቸው፤ መርከብ እያላቸው! ኢማሙ ሻፊዒይ ሚስኪን ማለት ጥቂት ያለው ግን የማይበቃው ሰው ነው ላሉት ይህን አያ ማስረጃ አድርገዋል። ኸድርም ያቺን መርከብ ጎድቷት ያለፈው ከቀማኛው ንጉሥ ሊያተርፍላቸው ነው። «ቢያንስ መርከብ አላችሁ» ብሎ አላለፋቸውም።

ላስታም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ሥራው የቆመበት የምታውቁት ሰው ካለ ዛሬ ከዐስር በፊት ደውሉለት። ሶለዋት አብዙ። ጁምዓ ሙባረክ።