ለፍትፍቱ ማን ይጠየቅ?

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ተረት አክብሬው ኖሬያለሁ፤ አሁንም አልጠላሁትም። በኬንያ፣ ካሳራኒ ውስጥ፣ ከቲካ መንገድ ብዙም በማይርቅ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ከአክስቴ ጋር ከበላሁት እራት ወዲህ ግን እንደ በፊቱ አላምነውም።

ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አክስቴ የፒያሳ ልጅ ናቸው፤ ፓስታ በስጎ በጾምም በፍስክም ሲሠሩ የኖሩ። እሳቸው ስፓጌቲ በቲማቲም ስጎ፣ እኔ ካቾ ኤ ፔፔ የሚሉትን በአይብና በቁንዶ በርበሬ የሚሠራ ፓስታ አዘዝን። አንዱ ሳህን 1,900 ሽልንግ ነው። የእሳቸው ከመጠን በላይ ተቀቅሎ ሹካ ሲነካው ይበጠሳል፤ ስጎውም ከላይ ተደፋበት እንጂ አብሮት አልበሰለም። የእኔ በክሬም ተጥለቅልቋል፤ ቁንዶ በርበሬው አይሸትም፣ አይቀመስም። ያስተናገደን ወጣት ግን «ካሪቡ ማማ» (እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ) ብሎ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ ነፋስ እንዳይመታቸው መስኮቱን ዘጋላቸው፣ ስለ ጉዟቸውም ከልቡ ጠየቃቸው። እኔ ሳህኑን ልመልስ ስል አክስቴ እጄን ያዝ አድርገው «ተወው ልጄ፤ ከፍትፍቱ ፊቱ» አሉኝ። ከፍለን ወጣን።

ተረቱ የተወለደው የት ነው? እንግዳ ሳይታሰብ የደረሰበት ቤት ውስጥ ነው። ሴትዮዋ ያደረ እንጀራ ወይም ድርቆሽ አላት፤ ወጥ ተርፎ እንደሆነ በወጥ፣ ቅቤ ካለ በቅቤ ፈትፍታ ታቀርባለች። ቤቱ ያጣውን ፊቷ ይሞላዋል፤ ምንም ያልከፈለው እንግዳም ቢጎድል ባይጎድል አመስግኖ ይበላል። በምግብ ቤት ግን ፊቱም ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። በኬንያ ደረሰኝ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 2 በመቶ የቱሪዝም ቀረጥ አለበት፤ የአገልግሎት ክፍያ ብለው የሚጨምሩም አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «ተረቱ ገንዘብ ባለበት አይሠራም» ብዬ ልዘጋው ነበር።

ይህ ግን አላስኬደኝም። እዚያው ካሳራኒ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ከተከፈተው ስታዲየም አካባቢ፣ ቻፓቲ በቦሎቄ የሚሸጡ ኪባንዳ የሚባሉ ትንንሽ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች አሉ። እነሱም ያስከፍላሉ። ሊጡን የምትዳምጠው ሴት ራሷ ሳህኑን ታቀብላለች፣ ስንጎርስም ታየናለች፤ ጨው አንሶት እንደሆነ ሳንናገር ከፊታችን ታነበዋለች። ተረቱ እዚያ እንደ ቤቱ ይኖራል። ስለዚህ እኔንና ተረቱን ያጣላን ገንዘቡ አይደለም። በፍትፍቱ ቤትም በኪባንዳውም የሚሠራው እጅና የሚቀበለው ፊት የአንድ ሰው ናቸው። ባለ 1,900 ሽልንጉ ቤት ፊቱን ከፊት አቁሞ እጁን ከግድግዳ ጀርባ ደብቆታል።

አክስቴ ሌላም መከራከሪያ ነበራቸው፦ «አገራቸው ያልሆነ ምግብ፣ ምን ያድርጉ?» ይህንንም አልቀበልም። ኬንያ ብዙ ጣሊያኖች የሰፈሩባት ማሊንዲ ያለችባት አገር ናት። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በወረራ ተይዛ የነበረችው አዲስ አበባም ወራሪውን አስወጥታ ፓስታውን የራሷ አድርጋዋለች፤ ጣሊያንን በካርታ እንኳ ያላዩ እናቶች አሳምረው ይሠሩታል። የዕቃ እጥረትም ሰበብ አይሆንም። ካቾ ኤ ፔፔ የሚፈልገው ፔኮሪኖ የተባለውን የበግ ወተት አይብ፣ ቁንዶ በርበሬና ፓስታው የተቀቀለበትን ውኃ ብቻ ነው። ስታርች የያዘው ያ ውኃ አይቡን አቅልጦ ከፓስታው ጋር ያዋሕደዋል፤ ክሬም የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ፔኮሪኖ ቢጠፋ እንኳ ቁንዶ በርበሬ በየሱቁ አለ፤ ፓስታን ሳይላሽቅ ማውጣትም ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ ካቾ ኤ ፔፔና ፍትፍት ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም በጥቂት ነገር ተሠርተው በእጅ ጥንቃቄ የሚከብሩ የድሃ ምግቦች። ተረቱ ይቅር የሚለው ማጣትን ነው። እኛ የቀረበልን ግን ቸልታ ነበር፤ ተረቱ ለቸልታ ጠበቃ ሆኖ ሲቆም ያን ጊዜ አየሁ።

አክስቴን የማላሸንፍበት አንድ ቦታ ብቻ አለ። «ሳህኑን ብትመልሰው የሚቆጡት ልጁን ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደግነታቸውም ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፦ የልጁ መልካም ፊት የባለቤቱ መጋረጃ ሆኗል፤ የእኛ ይሉኝታ ደግሞ መጋረጃውን ይይዝለታል። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን አመስግኜ፣ ጉርሻውን በእጁ ሰጥቼ፣ «የሠራው ሰው ይጠራልኝ» እላለሁ።

አክስቴ አሁንም አልተስማሙም። «የሚጠራውም እኮ ፊት አለው» ይሉኛል። ይኑረው፤ ማየት የምፈልገው እሱኑ ነው።