የሥልጣን ወሰን፤ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት

ሰው ከወንድሙ ጋራ በማኅበር ይኖር ዘንድ ተፈጥሯልና ብቻውን ሊኖር አይችልም። ማኅበር ባለበትም ሁሉ የሚያዝና የሚታዘዝ፥ የሚፈርድና የሚፈረድበት መኖሩ አይቀርም። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የሊቃውንትን ልብ ሲያስጨንቅ የኖረው ጥያቄ «ሹም ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» የሚለው አይደለም፤ «ሌላውን እንዲጠብቅ የተሾመውን ራሱን ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ነው እንጂ። የሀገራችን ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ የሚተርተው ተረት ምንም እንኳ ክፉ ምክር ቢሆን፥ ስለ ሰው ባሕርይ የሚመሰክረው ግን እውነት ነው፤ ሥልጣን ልብን እንደሚፈትን፥ ብዙዎችም በፈተናው እንደሚወድቁ ያስረዳልና።

ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት ሕዝቦች መካከል የአሜሪካ ሰዎች ይገኙበታል። መልሳቸው ምን እንደ ሆነ፥ በየትኛውስ በኩል እንደ ጎደለ መመርመር ለማንኛውም ሰው ትምህርት ይሰጣልና ነገሩን በአጭሩ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ባሕር ዳርቻ የነበሩት ዐሥራ ሦስቱ ግዛቶች በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ይተዳደሩ ነበር። እንደራሴ ያልላኩበት የእንግሊዝ ምክር ቤት ግብር ስለ ጣለባቸው ጠባቸው እየበረታ ሄዶ ወደ ጦርነት ደረሰ። በ1776 ዓ.ም. ጁላይ 4 ቀን በፊላዴልፊያ ከተማ የተሰበሰቡት እንደራሴዎቻቸው የነጻነት መግለጫ አጸደቁ፤ የረቂቁም ዋና ጸሐፊ ቶማስ ጄፈርሰን ነበረ። የመግለጫው ፍሬ ነገር ሦስት ነው፤ ይኸውም ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው መፈጠራቸው፤ ፈጣሪ ለሰው የሰጠው የሕይወትና የነጻነት መብት የማይነጠቅ መሆኑ፤ መንግሥትም ይህን መብት ለመጠበቅ የቆመ፥ ሥልጣኑንም ከሚተዳደሩት ሰዎች ፈቃድ የሚቀበል መሆኑ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት መብት ከመንግሥት ይቀድማል፤ መንግሥት መብትን ይጠብቃል እንጂ ከራሱ አይሰጥም፤ ያልሰጠውንም ሊነሣ አይገባውም።

ነጻነትን ማወጅ ግን መንግሥትን ማቆም ማለት አይደለም። በ1781 ዓ.ም. የጸናው የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነታቸው ለማዕከላዊው ምክር ቤት ግብር የማስከፈል ሥልጣን አልሰጠውም ነበርና የጦርነቱን ዕዳ እንኳ በሚገባ መክፈል ተሳነው። ስለዚህ በ1787 ዓ.ም. ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ በዚያው በፊላዴልፊያ ጉባኤ ተደረገ። በጉባኤው 55 እንደራሴዎች ተገኙ፤ ሊቀ መንበሩ ጆርጅ ዋሽንግተን ነበረ፤ በመጨረሻም 39 ሰዎች በሕገ መንግሥቱ ላይ ፈረሙ። እነዚህ ሰዎች በሁለት ፍርሃት መካከል ነበሩ፤ መንግሥት ቢደክም ሕዝቡ ይበተናል፥ መንግሥት ቢጠነክርና ከልካይ ቢያጣ ደግሞ ሕዝቡን ይውጣል።

መልሳቸው ደግ ሹም ከመመኘት የተለየ ነበረ። ሰው ሁሉ ሥልጣን ሲያገኝ ሊሳሳት፥ ሊመካና ሊበድል እንደሚችል አስቀድመው ተቀበሉ፤ ቤታቸውንም በዚሁ ግምት ላይ ሠሩ። ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሁለት ምክር ቤቶች፥ ሕግ የማስፈጸምን ለፕሬዚዳንቱ፥ የመፍረድን ለፍርድ ቤቶች ከፍለው ሰጡ። ምክር ቤቶቹ ያወጡትን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሊመልሰው ይችላል፤ እነርሱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸኑበት ያለ እርሱ ፈቃድ ሕግ ይሆናል። ዳኞችን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፤ ሴኔት የተባለው ምክር ቤት ካልተስማማ ግን አይሾሙም፤ ከተሾሙም በኋላ ያጫቸው ፕሬዚዳንት ሊሽራቸው አይችልም። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ቢበድል በምክር ቤቶቹ ተከሶና ተፈርዶበት ከሥልጣኑ ይወርዳል። በ1791 ዓ.ም. የጸደቁት የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ማሻሻያዎችም መንግሥት በእምነት፥ በንግግር፥ በጽሕፈትና በስብሰባ ነጻነት ላይ እጁን እንዳያነሣ ከለከሉት።

ይህ አሠራር ከንቱ ሥነ ሥርዓት አለመሆኑ በ1974 ዓ.ም. ታይቷል። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በጽሕፈት ቤቱ የተቀዱትን ንግግሮች ለፍርድ ምርመራ አላቀርብም ባለ ጊዜ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ በአንድ ድምፅ ፈረደበት። ከፈረዱት ዳኞች መካከል እርሱ ራሱ ያጫቸው ነበሩ። የጦሩ ሁሉ የበላይ አዛዥ የነበረው ሰው ወታደር ለሌላቸው ዳኞች ታዘዘ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወርም ሥልጣኑን ለቀቀ።

ይሁን እንጂ ታሪኩን በዚህ ብንፈጽመው እውነትን ግማሹን ብቻ እንናገራለን። አንድ ሰው በሌላው ላይ ወሰን የሌለው ሥልጣን እንዳይኖረው ይህን ያህል የደከሙት ሰዎች፥ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በየቤታቸው ወሰን የሌለው ሥልጣን ነበራቸው፤ የባሪያ ጌቶች ነበሩና። ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጠሩ ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን በዕድሜው ዘመን ከ600 የሚበልጡ ባሮች ነበሩት። በ1790 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ በተደረገ ጊዜ በሀገሩ ከነበሩት ወደ 4 ሚሊዮን ከሚጠጉ ሰዎች ወደ 700 ሺህ የሚጠጉት በባርነት ላይ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱም ይህን ግፍ ታገሠው፤ የእንደራሴዎች ቁጥር ሲመደብ አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰዎች እንዲቈጠሩ፥ ባሮችን ከውጭ ማስገባት እስከ 1808 ዓ.ም. ድረስ እንዳይከለከል፥ ከጌታው የሸሸውም እንዲመለስ ደነገገ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በተጻፈው ሕግ ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል አይገኝም፤ በሌላ አነጋገር ተሸፍኖ አለፈ። ሰው የሚሠራውን ነገር በስሙ ለመጥራት ካፈረ፥ ኅሊናው አስቀድሞ ፈርዶበታል ማለት ነው።

በዚያ ጉባኤ ይህን የተናገረ ሰው አልጠፋም ነበር። የቨርጂኒያው እንደራሴ ጆርጅ ሜሰን ባርነት ባሪያውን ከመበደሉም በላይ የጌታውን ጠባይ እንደሚያበላሽና ከልጅነቱ ጀምሮ ግፈኝነትን እንደሚያስተምረው አስጠነቀቀ። ይሁን እንጂ ሜሰን ራሱ ብዙ ባሮች ነበሩት። እነሆ፥ ሰው እውነትን አጥርቶ ሊያይ፥ አይቶም ሊናገር፥ ተናግሮም ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የተጻፈው ቃል ግን ጸሐፊዎቹ እንዳሰቡት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1838 ዓ.ም. ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 ዓ.ም. በሮቸስተር ከተማ ቆሞ፥ የነጻነት በዓላችሁ ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ ጠየቃቸው። መግለጫውን እንደ ሐሰት አልጣለውም፤ እውነት ስለ ሆነ በእርሱ ከሰሳቸው እንጂ። በ1857 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር ሰዎች የአሜሪካ ዜጎች ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈረደ፤ ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነትም ከ600 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ በ1865 ዓ.ም. የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን ሻረ፤ የ1868 ዓ.ም. 14ኛው የዜግነትንና በሕግ ፊት የእኩልነትን መብት አጸና፤ የ1870 ዓ.ም. 15ኛው በዘር ምክንያት ማንም ከምርጫ እንዳይከለከል አዘዘ።

ሕጉ ተጻፈ፤ ነገር ግን አልተጠበቀም። በ1896 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር በባቡር ተለያይተው እንዲቀመጡ የሚያዝዘውን የሉዊዚያና ግዛት ሕግ አጸደቀ። በትምህርት ቤት ልጆችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚቃወም መሆኑን የፈረደው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ የምርጫውን መብት በሥራ ለማስከበር የሚያስችል ብርቱ ሕግ የወጣውም በ1965 ዓ.ም. ነው። ከ1870 እስከ 1965 ዓ.ም. ዘጠና አምስት ዓመት ነው፤ በዚህ ዘመን ውስጥ መብቱ በወረቀት ላይ ሳለ ሳይደርስበት ተወልዶ ያረጀና የሞተ ሰው ብዙ ነው።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ ሰዎች በሁለት ወገን ይሳሳታሉ። አንዳንዶቹ መሥራቾቹ ግብዞች ነበሩና ሥራቸው ሁሉ ከንቱ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሥራቸው ታላቅ ነውና በደላቸው አይነሣ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ቃል በተናጋሪው ጥፋት ሐሰት እንደማይሆን ዘንግተዋል፤ የባሪያው ጠበቃ የተከራከረው በዚያው ቃል ነውና። የኋለኞቹም ያማረ ቃል ተናጋሪውን ጻድቅ እንደማያደርገው ረስተዋል። የመሥራቾቹ ስሕተት መርሐቸው ላይ አልነበረም፤ መርሑን በንጉሡ ላይ አቁመው በራሳቸው ቤት ደጃፍ ላይ መተዋቸው ነበረ እንጂ። ከልካይ የሌለው ሥልጣን ንጉሥን የሚያበላሽ ከሆነ፥ የእርሻ ጌታን ደግሞ የማያበላሽበት ምን ምክንያት አለ?

ለሥራቸው የሚገባው ምስጋና ግን ይህ ነው፤ ሕጉ የሚታረምበትን መንገድ በሕጉ ውስጥ አኖሩ። የምክር ቤቶቹ ሁለት ሦስተኛ ሐሳቡን ካቀረቡ፥ ከግዛቶቹም ሦስት አራተኛው ከተቀበሉት ሕገ መንግሥቱ ይሻሻላል፤ እስከ ዛሬም 27 ማሻሻያዎች ጸድቀዋል። ስሕተት ሊኖርብን ይችላል ብሎ አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ለልጁ የመታረሚያ በር ይተውለታል።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር የባሕር ማዶ ታሪክ ብቻ አይምሰልህ። ሕግ አጥር ነው፤ አጥርም ጠባቂ ከሌለው ይፈርሳል። የታላላቆችን ሥልጣን ወሰን እንዲኖረው መመኘት ለሁላችንም ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው የራስን ሥልጣን መወሰን ነው። አባት በልጆቹ ላይ፥ እመቤት በሠራተኛዋ ላይ፥ መምህር በደቀ መዝሙሩ ላይ፥ አለቃ በጸሐፊው ላይ ሥልጣን አለው። ከእነዚህ በአንዱ ቦታ የቆመ ሁሉ ራሱን ይጠይቅ፦ በእጄ ያለው ሰው ስበድለው ቃሉን የሚሰማለት አለን? ስሳሳት የሚመልሰኝን ሰው እታገሠዋለሁን? ወይስ በሌላው ላይ የምጠላውን፥ በራሴ ቤት ስሙን ለውጬ አኑሬዋለሁ? የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት ጉባኤ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ሰው ዛሬውኑ በቤቱ ሊጀምረው ይችላል።